በሞተር ሳይክል ሞተር የሚሠራ ባለሦስት ጎማ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ባጃጅ ፊቱ አንድ ጎማ ነው፣ ኋላው ሁለት። እዚህ የምናወራው ስለ ተቃራኒው ነው። ሁለት ጎማ ፊት፣ አንድ ጎማ ኋላ፣ የኋላውን ጎማ በካቴና የሚነዳ የሞተር ሳይክል ሞተር። የእንግሊዙ ሞርጋን ይህን ቅርጽ ከ1910 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ ሠርቶ ሸጧል። የካናዳው ቲ-ሬክስ ደግሞ በዘመናችን በትልልቅ የሞተር ሳይክል ሞተሮች ሠርቶታል።

በራስ ጋራዥ ለመሥራት ከሞከራችሁ ከባለሦስት ጎማዎች ሁሉ የሚቀለው ይኸኛው ነው። ዲፈረንሻል (ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ማርሽ) አያስፈልገውም። የአንድን ሞተር ሳይክል የኋላ ግማሽ፣ ሞተሩን፣ ካቴናውንና የኋላ ጎማውን እንዳለ መጠቀም ይቻላል። ግን ከታች የምጠቅሳቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚወሰኑት የመጀመሪያው ቱቦላሬ ከመቆረጡ በፊት ነው። ስለዚህ ምልክቱን መንገድ ላይ እንዳያችሁት አድርጋችሁ አንብቡ፤ መፍትሄውን ግን አሁኑኑ እቅዱ ውስጥ አስገቡት።

ምልክት፦ መታጠፊያ ላይ የውስጥ ጎማው ከመሬት ይነሳል

ይህ ከሁሉም በላይ አሳሳቢው ነው፤ ሰው የሚገድልም እሱ ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ወይም ሁሉም ነው፦ ክብደቱ ወደ ኋላ በዝቷል፣ ከፍ ብሏል፣ ወይም የፊት ጎማዎቹ ተጠጋግተዋል።

ኋላ አንድ ጎማ ብቻ ስላለ ወደ ጎን የመገልበጥ ኃይሉን የሚቋቋሙት የፊቶቹ ሁለቱ ናቸው። ኋላ ላይ ያረፈ ክብደት በዚህ ረገድ ምንም አያግዝም። ስሌቱ ቀላል ነው። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሀል ያለውን ርቀት ግማሹን ውሰዱ። ፊት ላይ ባረፈው የክብደት ድርሻ አባዙት። ከዚያ ለክብደት ማዕከሉ (ጠቅላላው ክብደት ሚዛን ለሚጠብቅበት ነጥብ) ከፍታ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የውስጡ ጎማ ከመሬት የሚነሳበት የጎን ኃይል የክብደቱ ስንት እጅ እንደሆነ ያሳያል።

ለምሳሌ የፊቱ ስፋት 140 ሴንቲ ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከጠቅላላው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ፊት ላይ ካረፈ ውጤቱ 1.04 ይመጣል። ግማሹ ብቻ ፊት ላይ ካረፈ 0.78 ነው። የተለመደ የመኪና ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ከ0.8 እስከ 0.9 አካባቢ ይይዛል። እንግዲህ የመጀመሪያው በፍጥነት ሲታጠፍ ይንሸራተታል እንጂ አይገለበጥም። ሁለተኛው ግን ጎማው ሳይለቅ ይገለበጣል። ስፋቱ ያው፣ ከፍታው ያው፣ ልዩነቱ ሹፌሩና ሞተሩ የተቀመጡበት ቦታ ብቻ ነው።

መፍትሄው ከ65 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ክብደት ፊት ላይ ማሳረፍ ነው። ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡት፣ ከወለሉም ዝቅ አድርጉት። ባትሪውንና የነዳጅ ታንከሩን ወደ ፊት አምጡ። ሁለተኛ ሰው የሚጫን ከሆነ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለ ተሳፋሪ ሹፌሩ ብቻውን ሲነዳ ያልነበረ አደጋ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ከ70 በመቶ ብዙ አትለፉ። የኋላው ጎማ ዳገት ላይ መሬት መያዝ ያቅተዋል፣ ፍሬን ሲያዝም ኋላው ይቀላል።

ይህን ለማወቅ ብየዳ አያስፈልግም። ወለሉ ላይ የሦስቱን ጎማዎች ቦታ በጠመኔ በትክክለኛ ልኩ ሣሉ። ሞተሩን፣ ወንበሩን፣ ባትሪውን በየቦታው አስቀምጡ። ሹፌሩ ይቀመጥበት። የእያንዳንዱን ዕቃ ክብደት በሚዛን ለኩና ከፊት ጎማዎቹ መስመር ባለው ርቀት አባዙት። ድምሩን ለጠቅላላው ክብደት ስታካፍሉት ማዕከሉ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ያ ርቀት ከፊት እስከ ኋላ ጎማ ካለው ርዝመት ሲሶው ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ መሆን አለበት።

ቴላዮው (ሁሉም ነገር የሚታሰርበት የብረት አጽም) ከቆመ በኋላ ደግሞ ከፍታውን አረጋግጡ። አሞርዛተሮቹን አውጡና እንዳይታጠፉ በቦታቸው ብረት አስገቡ። የፊት ጎማዎቹን በሚዛን ላይ አቁሙ፣ ከዚያ የኋላውን ጎማ 60 ሴንቲ ሜትር አንሱ። ጠቅላላው 380 ኪሎ፣ ርዝመቱ 210 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማው መሀል ከመሬት 28 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ፊቱ ላይ የጨመረው ክብደት 9 ኪሎ ገደማ ከሆነ ማዕከሉ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ከጨመረ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ጥሩ ሚዛን ተጠቀሙ፣ ደጋግማችሁም ለኩ።

አንዳንዱ ሰው የፊት ሞላውን አጠንክሮ ችግሩን የፈታ ይመስለዋል። ጠንካራ ሞላ አካሉ ወደ ጎን እንዳይጋደል ይረዳል። የሚገለበጥበትን ልክ ግን እምብዛም አይለውጥም።

ምልክት፦ ጉድጓድ ሲገባ መሪው ብቻውን ይዞራል

ጎማው ወደ ላይ ሲነሳ የያዙት የላይና የታች ክንዶች አንድ ቅስት ይሠራሉ፣ ታይሮዱ (ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) ሌላ ቅስት ይሠራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ታይሮዱ ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይጎትተዋል። ከመኪና ላይ የተነቀለ የመሪ ራክ (ታይሮዶቹን ግራና ቀኝ የሚገፋው ባለጥርስ ዘንግ) ለሌላ ስፋት የተሠራ ስለሆነ ይህ ችግር በጣም የተለመደ ነው።

የራኩ ርዝመት ከክንዶቹ የውስጥ መጋጠሚያዎች ጋር መስማማት አለበት። የላዩንና የታቹን የውስጥ መጋጠሚያ የሚያገናኝ መስመር ብትሠሩ የታይሮዱ የውስጥ ጫፍ እዚያው መስመር ላይ ሊያርፍ ይገባል። ለማረጋገጥ ሞላውን አውጡ፣ ጎማውን በእጅ ከታች እስከ ላይ አንሱና የፊቱና የኋላው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚዞር በሜትር ለኩ። ራኩን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ዝውውሩ የሚጠፋበትን ቦታ እስክታገኙ ድረስ ለጊዜው በቡሎን ብቻ እሰሩት። ብየዳው ይቆይ።

ሲታጠፍ የፊት ጎማዎቹ የሚጮሁና የሚላጡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የውስጡ ጎማ ከውጪው የበለጠ መዞር አለበት። ጎማው የሚዞርበትን ምሰሶና የታይሮዱን ማሰሪያ የሚያገናኙ መስመሮች ወደ ኋላ ሲዘረጉ የኋላው ጎማ አካባቢ መገናኘት ይገባቸዋል። ራኩን ፊት ለፊት ለማድረግ ብላችሁ የግራና የቀኝ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትን እምብርት) ከነመያዣው ካቀያየራችሁ ይህ ይገለበጣል። በፍጥነት ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የኩሽኔታና የቦል ጆይንት ልቅነት ፈትሹ፤ ከዚያ ምሰሶው ወደ ኋላ ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ያዘነበለ መሆኑን።

የሞተር ሳይክል ባለሽቦ ጎማ ፊት ላይ አትግጠሙ። ሞተር ሳይክል በመታጠፊያ ላይ ስለሚጋደል ጎማው ከጎን የሚመጣ ኃይል ብዙ አያገኘውም። ይህ ግን አይጋደልም፣ ሽቦው ይታጠፋል። የትንሽ መኪና ሞዞ፣ ዲስክና ቸርኬ አንድ ላይ ግዙ።

ምልክት፦ ሞተሩ መታጠፊያ ላይ ይጠፋል፣ ወይም የዘይት መብራቱ ብልጭ ይላል

ሞተር ሳይክል ከሹፌሩ ጋር ስለሚጋደል ዘይቱም ነዳጁም ከታች እንዳለ ይቀመጣል። ባለሦስት ጎማ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል፣ ፈሳሹ ሁሉ ወደ ውጪ ጎን ይሸሻል።

ካርቡራተር ያለው ሞተር ከሆነ የሚጠፋው ነዳጁ ከመሳቢያው ቀዳዳ ስለሚሸሽ ነው። በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ልክ ትንሽ ማስተካከል ይረዳል፤ በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር መምረጥ ግን ከነጭራሹ ይገላግላል። የዘይቱ ጉዳይ የባሰ ነው። ፓምፑ አየር ሲስብ ሞተሩ አይጠፋም፣ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርዱና በዘይት መሳቢያው ዙሪያ ዘይቱ ወደ ጎን እንዳይሮጥ ቀዳዳ ያላቸው ግድግዳዎች አስበይዱ። ዘይቱን ሁልጊዜ የላይኛው ምልክት ድረስ ሙሉት። የዘይት መብራቱ ዓይን ፊት እንዲሆን አድርጉ፣ ሲበራም እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንሱ።

ታንከሩን ዝቅ ካደረጋችሁት ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተር መውረዱ ይቀራል። ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስፈልጋል። የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ካስገባችሁበት ካርቡራተሩ ይጥለቀለቃል።

ምልክት፦ ዳገት ያቅተዋል፣ ፍሪሲዮን ይሸታል

150 ኪሎ ለሚመዝን ሞተር ሳይክል የተሠራ ማርሽ ከእጥፍ በላይ ክብደት እየጎተተ ነው። የኋላውን ስፕሮኬት (ካቴናው የሚዞርበትን ባለጥርስ ክብ ብረት) አሳድጉ ወይም የፊቱን አሳንሱ። 15 እና 42 ጥርስ የነበረውን 14 እና 48 ብታደርጉት የመጎተት አቅሙ በ22 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በየማርሹ የሚደርስበት ፍጥነት ግን በ18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፍሪሲዮኑ አሁንም ከተንሸራተተ ጠንካራ ስፕሪንግ አስገቡ።

አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ከአምስት አንዱ እጅ የለም ማለት ነው። ካርቡራተሩም ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የነዳጅ ቀዳዳውን በአንድ ቁጥር አሳንሱ። በዚያ አስተካክላችሁ ድሬዳዋ ብትወርዱ ግን ነዳጅ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፤ የቀድሞውን ይዛችሁ ሂዱ። ሞተር ስትመርጡ በአገራችን በብዛት የሚታዩት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ለዚህ ሥራ ያንሳሉ። ለሁለት ሰው ከ400 ሲሲ በታች አላስብም።

ምልክት፦ ሞተሩ ይግላል

ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ሲገባ ነፋስ አያገኝም። በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ ከሁለቱም ጎን በላሜራ መንገድ ሠርታችሁ አየሩን ሲሊንደሩ ላይ ምሩ፣ ማራገቢያም ጨምሩ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ራዲያተሩን ፊት አድርጉት። ረጅሙ ቱቦ ውስጥ አየር ታፍኖ እንዳይቀር ከፍተኛው ቦታ ላይ የአየር ማስወጫ አስቀምጡ።

ምልክት፦ የኋላ ጎማው መሀሉ ብቻ ያልቃል

የሞተር ሳይክል ጎማ ክብ ነው፣ ለመጋደል የተሠራ። ሳይጋደል ሲነዳ መሬት የሚነካው መሀሉ ብቻ ነው። የመኪና ቸርኬ በሞተር ሳይክሉ ሞዞ ላይ እንዲገጥም ቶርኖ ቤት አስማሚ አስወጡና ጠፍጣፋ የመኪና ጎማ ግጠሙ። ጎኑ ላይ የተጻፈውን የጭነት ቁጥርም እዩ፤ 66 ማለት 300 ኪሎ፣ 75 ማለት 387 ኪሎ ነው። ጎማው ሲሰፋ ካቴናውን እንዳይነካ አስቀድማችሁ ለኩ። ሁለቱ ስፕሮኬቶች በቀጥታ መስመር ላይ ካልሆኑ ካቴናው ቶሎ ያልቃል ወይም ይወልቃል፤ ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ለጥፋችሁባቸው አረጋግጡ።

ምልክት፦ የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል

ሁለት ምክንያት ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው የሞተር ሳይክል ፍሬን ማስተር (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ለመኪና ካሊፐር (ዲስኩን ለሚጨብጠው ክፍል) የሚበቃ ዘይት አለመግፋቱ ነው፤ የመኪና ማስተር አስገቡ። ሁለተኛው ካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ ተቀያይረው መግጠማቸው ነው። አየር ማስወጫው ወደ ታች ሲያይ የቱንም ያህል ብትረግጡ አየሩ አይወጣም። ሁልጊዜ ወደ ላይ ማየት አለበት። ፍሬኑ ሲያዝ ኋላው ቀድሞ የሚቆልፍ ከሆነ የኋላውን ኃይል ቀንሱ። የእጅ ፍሬን ለብቻው በገመድ ይሠራ።

ምልክት፦ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይጠፋል

ሞተር ሳይክሉ የጎን መቆሚያውና የፍሪሲዮኑ ስዊች እንዲሁም መውደቁን የሚያይ ሴንሰር ሊኖረው ይችላል። ገመዱን ቆርጣችሁ ስትጥሉ ኮምፒውተሩ ወድቋል ብሎ ያስባል። ገመዱን ሳትቆርጡ እንዳለ አውጡት፣ ሴንሰሩንም በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት።

ምልክት፦ ወደ ኋላ አይሄድም

አብዛኛው የሞተር ሳይክል ካምቢዮ የኋላ ማርሽ የለውም። 380 ኪሎ ዳገት ላይ በእግር አይገፋም። የባጃጅን ሞተር ለመውሰድ የሚያስቡ አሉ፤ የኋላ ማርሽ አለው፣ ግን ለሁለት ጎማ ከነዲፈረንሻሉ የተሠራ ነውና ለአንድ ጎማ አይመችም። የሚሻለው ከካቴናው መንገድ ላይ የሚገባ የኋላ ማርሽ ሳጥን፣ ወይም የኋላውን ጎማ በቀስታ የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቦታውን ከአሁኑ ተዉለት።

ስለ ሰሌዳ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ብረት ሳትገዙ ንድፉን ይዛችሁ የአካባቢያችሁን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፤ ሰሌዳ የማይሰጠው ከሆነ በግል ግቢ ብቻ የሚነዳ አድርጋችሁ አቅዱት። አሜሪካ ያላችሁ፣ በፌዴራል ሕግ እስከ ሦስት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ሞተር ሳይክል ነው የሚባለው። የራስ ቁርና የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ግን በየግዛቱ ይለያያል። በእጅ የተሠራ ተሽከርካሪን የሚመረምረው ሰው የሞተሩንና የቴላዮውን ቁጥር ይፈልጋል፤ የለጋሹን ሞተር ሳይክል ሊብሬና የገዛችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።