የቅዳሜ ጎልፈኛ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ለሕዝብ ክፍት የሆነ የጎልፍ ሜዳ ላይ ብትቆሙ ሰውዬውን ወዲያው ትለዩታላችሁ። እንጀራው ሌላ ነው፤ ጎልፍ የሚጫወተው ለመዝናናት ነው። 18ቱን ቀዳዳ ከ100 ምት በታች ከጨረሰ ሳምንቱን ሙሉ ያወራዋል። አመታቱ እንከን የለበትም አልልም። በኔ ግምት ግን አብዛኛውን ምት የሚያስበላው ለራሱ የሚሰጠው ግምት ነው። አንዴ አምሮለት የመታትን ኳስ የዘወትር ምቱ አድርጎ ይቆጥራታል።

ለምርጥ ምት የሚሆን ዱላ መምረጥ

ግሪኑ፣ ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር ማለት ነው፣ 150 ያርድ ይርቃል። ፊት ለፊቱ ኩሬ አለ። ሰውዬው በ7 አይረን (የብረት ዱላ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ያርቃል) 150 ያርድ መትቶ ያውቃል፤ ያውም ነፋስ ከኋላ እየገፋለት። በደህናው ቀን የሚሄድለት 135 ነው። ቢሆንም ሰባቱን ያወጣል፣ ኳሷም ጭልጥ ብላ ውሃ ውስጥ ትገባለች። «ትንሽ ሳትኳት» ይላል። ምንም አልሳታትም፤ የሄደችው ሁሌ የምትሄደውን ያህል ነው። 6 ወይም 5 ይዞ ረጋ ብሎ ቢመታ ይሻገር ነበር። ብዙ ሜዳ ላይ ኩሬውም አሸዋውም የሚበዛው ከግሪኑ ፊት ስለሆነ፣ አልፎ መውደቅ አጥሮ ከመቅረት ይሻላል።

ሃንዲካፕ፣ ማለትም የተጫዋቹን አቅም የሚያሳየው ቁጥር ላይም ያው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ተጫዋቹ ጎበዝ ነው። በ2020 የጀመረው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጥ 8ቱን ወስዶ አማካያቸውን ያወጣል። ቁጥሩ የሚያሳየው ጥሩ ጥሩ ቀናችሁን ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሱ የባሰ ብትጫወቱ ምንም አልሆናችሁም፤ ተረጋጉ።

ከሩቁ መነሻ መጀመር

አንዱ ቀዳዳ ቅርብም ሩቅም መነሻ አለው፤ ሁሌ ሩቁን መምረጥ ንጹሕ ጉራ ነው። በ2011 የአሜሪካ የጎልፍ አካላት ሰው ወደፊት ቀረብ ብሎ እንዲጀምር ዘመቻ ጀምረው ነበር። በድራይቨር፣ ከሁሉ አርቆ በሚመታው ዱላ፣ 200 ያርድ የሚመታ ሰው የሚስማማው ርዝመቱ በጠቅላላ ከ5,200 እስከ 5,400 ያርድ የሆነ ሜዳ ነው ብለው ነበር። የኛ ሰው ግን 6,500 ያርዱ ላይ ይቆማል። የፊተኛውን «የሴቶች ነው» እያለ ይስቃል። መነሻ ጾታ የለውም።

ኳሷ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ወደ ግራ ዞሮ መቆም

በቀኝ የሚመታ ሰው ኳሷ አየር ላይ ወደ ቀኝ ትጠመዘዝበታለች። ስላይስ ይሉታል። መድኃኒት ነው ብሎ ሰውነቱን ወደ ግራ ያዞራል፤ ይብስበታል። ኳሷን የሚያጥፋት የዱላው ፊት ዱላው ከሚጓዝበት መስመር አንጻር ወደ ቀኝ መከፈቱ ነው። ወደ ግራ በዞራችሁ ቁጥር መስመሩ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ፊቱ ግን የቀዳዳውን ባንዲራ እንዳየ ይቀራል። ክፍተቱ ሰፋ ማለት ነው። ከሁሉ በፊት አያያዛችሁን እዩ። ጎንበስ ብላችሁ የግራ እጃችሁን ስትመለከቱ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓ ካልታያችሁ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ያዙ።

ኳሷን ለማንሳት መታገል

ብዙ ሰው አይረኑን እንደ ጭልፋ ከስር ሊጨልፍበት ይሞክራል። ክብደቱ ኋላ እግሩ ላይ ይቀራል፣ ዱላው ኳሷ ጋ ሳይደርስ መሬቱን ይመታል። ኳሷን የሚያነሳት የዱላው ፊት ዘንበል ማለት ነው። እናንተ ክብደታችሁን ወደፊት እግር አምጡና ቁልቁል ምቱ። የተቆረጠው ሣር ኳሷ ከነበረችበት ፊት ከሆነ ልክ ናችሁ።

ቆጠራ

አየር መምታት ይቆጠራል፤ ኳሷን ለመምታት አስባችሁ እስከሰነዘራችሁ ድረስ። «ይቺን ልድገማት» የሚባለው ማሊገን ሕጉ ውስጥ የለም። ኳስ የመፈለጊያው ጊዜ ከ2019 ጀምሮ 3 ደቂቃ ነው፤ በፊት 5 ነበር። ከጠፋች አንድ ቅጣት ተጨምሮ ከመታችሁበት ቦታ እንደገና ትመታላችሁ። ጫካ የገባች ከመሰላችሁ ወደ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት «ተጠባባቂ ኳስ ነው» ብላችሁ ሌላ ምቱ፤ መናገሩ ግዴታ ነው። ከጓደኛ ጋር ስትዝናኑ ሕጉን ብታላሉት ማንም አይከሳችሁም። ነጥቡን ለሃንዲካፕ ካስመዘገባችሁ ግን ተጎጂው እናንተው ናችሁ። ቁጥራችሁ ያለ አቅማችሁ ያንሳል፣ ውርርድ ላይም ትሸነፋላችሁ።

ልምምድ ሲባል ድራይቨር ብቻ

የጎልፍ ኳስ በቅርጫት ሙሉ ተገዝቶ ሁሉም በድራይቨር ያልቃል። ፓር 72 ሜዳ ላይ፣ ማለትም በ72 ምት ያልቃል ተብሎ የታሰበ ሜዳ ላይ፣ በየግሪኑ ሁለት ሁለት ፓት (ኳሷን ወደ ቀዳዳው ማንከባለል) ይታሰባል፤ 36 ምት፣ ግማሹ ማለት ነው። ሦስት ፓት የሚያስመታው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋ ኳስ በጣም አጥራ ወይም አልፋ መቆሟ ነው፤ የአቅጣጫው ስህተት ያን ያህል አይደለም። ከ10 ሜትር ቀዳዳው አጠገብ ማስቆምን ተለማመዱ።

መንቀርፈፍ

ተራችሁ ሳይደርስ ዱላውን መርጣችሁ ጠብቁ። ሕጉ የሚመክረው በ40 ሰከንድ ውስጥ መምታት ነው። አራቴ ለሙከራ መወዝወዝ ኳሷን አያስፈራትም።

ችግሩን በአዲስ ዱላ መፍታት

ሕጉ የድራይቨርን ጭንቅላት መጠን በ460 ሲሲ ገድቦታል፤ ፊቱ ኳሷን የሚያስፈነጥርበት ኃይልም ጣሪያ አለው። የዘንድሮው ካለፈው ዓመቱ ብዙ ሊርቅ የማይችለው ለዚህ ነው። የአዲስ ድራይቨር ዋጋ ከ500 ዶላር ሲያልፍ ብርቅ አይደለም። በዚያ ገንዘብ አሰልጣኝ ጋ ደጋግሞ መሄድ ይቻላል። የግድ መግዛት ካማራችሁም መደርደሪያ ላይ ያብረቀረቀውን አታንሱ፤ ተለክታችሁ፣ የዘንጉ ጥንካሬ ለፍጥነታችሁ መስማማቱን አይታችሁ ግዙ።