ከለንደን እስከ ብራይተን ባሕር ዳር፦ በሌሊት የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ እንዴት መሳተፍ ይቻላል

ከለንደን ወደ ደቡብ 87 ኪሎ ሜትር ወይም 54 ማይል ያህል ሲኬድ ብራይተን የተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ትገኛለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚደረገው የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ በእንግሊዝ አገር እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ለልብ ሕመም ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስበው ብሪቲሽ ኸርት ፋውንዴሽን በቀን የሚካሄደውን ጉዞ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ገቢ ሲያገኝበት ኖሯል። በእንግሊዝ የበጋ ወራት ደግሞ ተሳታፊዎች ምሽት ላይ ከለንደን ተነሥተው ሌሊቱን በመጓዝ ጎሕ ከቀደደ በኋላ ባሕሩ ዳር የሚደርሱባቸው ጉዞዎች ይዘጋጃሉ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ባለው የሌሊት ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሳተፍ ያሰበ ሰው ከምዝገባ እስከ መመለሻ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያስረዳል።

ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ርቀቱ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ወር በሥርዓት የተለማመደ ጤነኛ ሰው 87 ኪሎ ሜትሩን ይወጣዋል። ሰውን የሚያዝለው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቅልፍ፣ ብርድና ጨለማ አንድ ላይ ሲመጡበት ነው። ስለዚህ ዝግጅትዎን ከርቀቱ ይልቅ ለሌሊቱ ያድርጉት።

አስቀድሞ ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። እዚህ የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በምዝገባ ደብዳቤው ላይ 23፡00 ተብሎ የሚጻፈው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው መነሻ ነው። «እሑድ 00፡30» ማለት ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ስለሆነ፣ ቀኑ በንጋት ይጀምራል ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

ድርጅቱን መምረጥ፣ መመዝገብና ገንዘብ ማሰባሰብ

ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ መወሰን ከሁሉ ይቀድማል። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ የበጎ አድራጎት ድርጅት እነዚህን ድርጅቶች በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ በቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ላይ መኖሩን በስሙ ወይም በመዝገብ ቁጥሩ ፈልጎ ያለ ክፍያ ማጣራት ይቻላል፤ የድርጅቱ ዓመታዊ ገቢና ወጪም እዚያው ይታያል። ይህን ማጣራት ስድብ አይደለም። ወዳጅ ዘመድዎ ገንዘቡን የሚሰጠው እርስዎን አምኖ ስለሆነ ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ማወቅ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት የመመዝገቢያው ክፍያ ምን ምን እንደሚሸፍን፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ተሳታፊ ሊያሰባስበው የሚገባ ዝቅተኛ ገንዘብ ተወስኖ እንደሆነ በጥንቃቄ ያንብቡ። መመዝገቢያው ዝቅ ያለ ሆኖ የሚሰባሰበው ገንዘብ ከፍ ያለበት ጊዜ አለ፤ ይህን ሳያነቡ መፈረም በኋላ ያስጨንቃል። በእኔ አስተያየት መመዝገቢያውን ከራስ ኪስ መክፈልና ይህንንም ለለጋሾች በግልጽ መናገር የተሻለ ነው፤ «የሰጣችሁኝ በሙሉ ወደ ድርጅቱ ይገባል፤ የጉዞውን ወጪ የቻልሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው አመኔታ ያገኛል።

በእንግሊዝ አገር ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ጊፍት ኤይድ የተባለውን አሠራር ማወቅ አለበት። እዚያ አገር በቂ ግብር የሚከፍል ለጋሽ ፈቃዱን በቅጽ ላይ ካሰፈረ፣ ድርጅቱ በእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ይጨመርለታል። ስለዚህ ለጋሹ ተጨማሪ ሳንቲም ሳያወጣ 20 ፓውንዱ 25 ፓውንድ ይሆናል። በኢንተርኔት የሚለግስ ሰው ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። በእኛ ማኅበረሰብ ግን ብዙው ገንዘብ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዕድር ስብሰባ ወይም ቡና ላይ በእጅ የሚሰጥ ነው፤ ሰጪው ስሙንና የቤት አድራሻውን ካልጻፈ ጭማሪው ይቀራል። ከድርጅቱ የስፖንሰር ቅጽ ወስደው ሁልጊዜ ከእስክሪብቶ ጋር ይያዙ፤ እያንዳንዱም ለጋሽ የራሱን መስመር ራሱ ይሙላ። በአዲስ አበባ፣ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ያለ ዘመድዎ በእንግሊዝ ግብር የማይከፍል ከሆነ ይህን ምልክት እንዳያደርግ ይንገሩት።

በቡድን የመልእክት መስኮች ላይ ለሁሉም አንድ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ጥቂት መስመር መጻፍ የበለጠ ፍሬ አለው። ለታላላቆች ደግሞ መደወል ወይም ቤታቸው ሄዶ ማስረዳት ይገባል። «እማማ፣ ለልብ ሕሙማን ሌሊቱን በብስክሌት ልጓዝ ነው፤ ቢመርቁኝና የሚችሉትን ቢያግዙኝ» የተባሉ እናት ከአምስት ፓውንዱ ጋር ምርቃቱንም ይሰጣሉ።

ብስክሌቱና መብራቱ

ለዚህ ጉዞ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ፍሬኑ በደንብ የሚይዝ፣ ጎማው ያልተሰነጠቀ፣ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ያለውና ቁመቱ ለእርስዎ የተስተካከለ ይሁን። ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ መካኒክ ዘንድ ያድርሱት፤ በመጨረሻው ሳምንት የብስክሌት መካኒኮች ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀጠሮ አይገኝም፤ በመጨረሻው ቀን የተለወጠ ዕቃ ደግሞ ሳይፈተሽ መንገድ ላይ ይወጣል።

የእንግሊዝ ሕግ ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ ድረስ ብስክሌት ከፊት ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ እንዲሁም ፔዳሎቹ ላይ ቢጫማ አንጸባራቂ እንዲኖረው ያዝዛል። ይህ ትንሹ ግዴታ ነው። ከለንደን ወጥተው ሰሪ (Surrey) እና ሳሴክስ (Sussex) የተባሉት አውራጃዎች ገጠር ከገቡ በኋላ የመንገድ መብራት የሌለባቸው፣ በሁለቱም ወገን በቁጥቋጦ የታጠሩ ጠባብ መንገዶች ስለሚያጋጥሙ፣ «እዩኝ» ከሚለው መብራት ሌላ መንገዱን የሚያሳይ ቢያንስ 400 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚያበራ መብራት ያስፈልጋል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የቆይታ ሰዓት አይመኑ። መብራቱን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው፣ በጉዞው ላይ በሚጠቀሙበት ኃይል ቤትዎ ውስጥ አብርተው፣ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ በሰዓት ይለኩት። ብዙ መብራቶች በከፍተኛው ኃይል ሁለት ሰዓት እንኳ አይደርሱም፤ የሚጓዙበት ጨለማ ግን አምስት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ኃይል መጠቀም፣ ሁለተኛ መብራት መያዝ ወይም ፓወር ባንክ መጨመር ግድ ነው።

መብራቱን ሲያስሩ ብርሃኑ ወደ መሬት ዘንበል እንዲል ያድርጉ። ቀጥ ብሎ የተወረወረ ብርሃን ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጭበረብራል። ከኋላዎ የሚመጣው ሰው ለሰዓታት የእርስዎን የኋላ መብራት እያየ ስለሚጓዝ፣ በቡድን ሲሆኑ ብልጭ ድርግም የሚለውን ትተው ባለበት የሚበራውን ይምረጡ። ሄልሜት በሕግ ባይገደድም አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ ያለ እርሱ አያስነሡም።

ልምምድ

ስምንት ሳምንት ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ደግሞ ረዘም ያለ ጉዞ ያድርጉ፤ የሳምንቱ መጨረሻ ጉዞ ከ25 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ቀስ በቀስ እያደገ፣ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት 60 ወይም 65 ኪሎ ሜትር ይድረስ። በለንደን ያለ ሰው ዙሪያው ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የሪችመንድ ፓርክን መንገድ መጠቀም ይችላል። ለዳገት ልምምድ ደግሞ በ2012ቱ የኦሎምፒክ ውድድር ብስክሌተኞች ደጋግመው የወጡት ቦክስ ሂል ከለንደን ሩቅ አይደለም። ከልምምዶቹ አንዱ የግድ በሌሊት፣ ጉዞው ላይ በሚይዙት መብራት፣ ልብስና ቦርሳ ይሁን። የልብ፣ የስኳር ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ምግብ፣ እንቅልፍና ልብስ

በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሌሊቶች በደንብ ይተኙ፤ በዕለቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማረፍም ይጠቅማል። በዕለቱ ቡና ከቀትር በኋላ አይጠጡ። ይህ ለእኛ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተቆጠበው ቡና ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ፣ የሰውነት ሙቀት ዝቅ በሚልበትና ዓይን በሚከብድበት ጊዜ ሲጠጣ ዋጋው ሌላ ነው።

ከመነሣትዎ ሦስት ሰዓት በፊት እራት ይብሉ፤ በርበሬና ቅባት የበዛበት ወጥ ግን ለነገ ይቆይ፤ ጎንበስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ቃር ያመጣል። በመንገድ ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬትና ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ መውሰድ ይመከራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። በሱቅ ከሚሸጡት የኃይል ምግቦች ይልቅ ከቤት የሚያዙት ጥቂት ነገሮች ለሆድ ይስማማሉ፦ በስኳርና በውሃ የተበጠበጠ በሶ በጠርሙስ፣ ዳቦ ቆሎ በኪስ፣ ጨው የተነሰነሰበት የተቀቀለ ድንች፣ ቴምር። ዳቦ ቆሎ ደረቅ ስለሆነ ዳገት ላይ አይቆረጠምም፤ ቆም ብለው ወይም ሜዳ ላይ ይብሉት። ጉዞው በሰኔ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ከሐዋርያት ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ የጾም ናቸው። በማረፊያ ጣቢያዎች የሚታደሉት ለስላሳ ከረሜላዎች ግን ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የሚሠራ ጄላቲን ስላላቸው ጿሚም ሙስሊምም መለያውን አንብቦ ይውሰድ።

የደቡብ እንግሊዝ የበጋ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ላብ ያረጠበው ልብስ ለብሰው ሲቆሙ ብርዱ ወዲያው ይሰማል፤ ስለዚህ ስስ የንፋስ መከላከያ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ይያዙ። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ያለ የውስጥ ሱሪ ይለበሳል፤ አለበለዚያ ስፌቱ ቆዳ ይልጣል።

መንገዱ

ብዙ ጊዜ የሚኬድበት መንገድ በሚቸምና በካርሻልተን አድርጎ ከከተማው ይወጣና ኖርዝ ዳውንስ የተባሉትን ኮረብቶች ተሻግሮ በተርነርስ ሂል፣ በአርዲንግሊና በሊንድፊልድ መንደሮች በኩል ወደ ዲችሊንግ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይፈጥናል፤ እርስዎ ግን ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሳያለከልኩ ማውራት በሚያስችልዎት ፍጥነት ይሂዱ። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ማረፊያውን ጨምሮ በሰባት ሰዓት ይደርሳል። መንገዱ ለመኪና ዝግ አይደለምና ግራዎን ይያዙ፣ በቀይ መብራት ይቁሙ። ከኋላ መኪና ሲመጣ ተጓዦች «ካር ባክ»፣ ጉድጓድ ሲያዩ ደግሞ «ሆል» ብለው ይጮኻሉ፤ ሰምተው ወደ ኋላ ማስተላለፍ የእርስዎም ድርሻ ነው።

ጎማ ቢተነፍስ ከመንገዱ ፈጽመው ይውጡና መብራቶችዎን ሳያጠፉ ይሥሩ። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁለት የጎማ ማላቀቂያ፣ ፓምፕና የራስ ላይ ባትሪ ከያዙ የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አዲሱን ከመነዳሪ ከማስገባትዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው ዙሪያውን ይዳስሱ፤ የአጥር እሾህ ወይም በእነዚህ ኮረብቶች ዘንድ የሚበዛው ስለታም ባልጩት ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ወዲያው ይበሳዋል። በጨለማ ከዓይን ይልቅ ጣት ያገኘዋል፤ ጣትዎ እንዳይቆረጥ ግን ሳይጫኑ ይዳስሱ።

ከዲችሊንግ መንደር በኋላ ዲችሊንግ ቢከን ይመጣል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 248 ሜትር ሲሆን ዳገቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ርዝመቱ ብዙ ባይሆንም የሚመጣው እግር ከዛለ በኋላ ነው። መንደሩን ሳይወጡ ይብሉ፣ ዳገቱ ሳይጀምር ቀላሉን ማርሽ ያስገቡ፤ ካልቻሉ ወርደው በግራ በኩል እየገፉ ይውጡ። ብዙ ሰው ይገፋል፤ ለጋሾችዎም ገንዘቡን የሰጡት ዳገት እንዲያሸንፉ ብለው አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ሰማዩ ይገረጣል፤ ፀሐይ የምትወጣው 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ጫፉ ላይ ጃኬትዎን ይልበሱ፤ ቁልቁለቱ ይበርዳል። ሁለቱንም ፍሬን በተራ በተራ እየነኩ ይውረዱ፤ አደጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ «አሁንስ ደረስሁ» በተባለበት በዚህ ክፍል ነው።

ከደረሱ በኋላ

መመለሻው አስቀድሞ ያልተወሰነ ሰው ብራይተን ላይ ይጉላላል። ትልልቅ የብስክሌት ጉዞዎች በሚካሄዱበት ቀን የባቡር ድርጅቶች በዚህ መስመር የማይታጠፍ ብስክሌት ላይጭኑ ስለሚችሉ፣ አዘጋጆቹ ብስክሌት በጭነት መኪና፣ ሰው በአውቶቡስ የሚመልሱ ከሆነ ከምዝገባው ጋር ቦታ ይያዙ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ ቆይተው መኪና መንዳት ክልክል ነው ብለው ይቁጠሩት፤ የሚቀበልዎት ዘመድ ሌሊቱን የተኛ ይሁን።

በዚያው ሳምንት የቀረውን ስፖንሰር ይሰብስቡ፤ ቃል የገባ ሰው የሚረሳው ጉዞው ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በእጅ የተቀበሉትን ጥሬ ገንዘብ ከራስዎ ገንዘብ ሳይቀላቅሉ በድርጅቱ መንገድ ያስገቡ፣ የተሞሉትን የጊፍት ኤይድ ቅጾች አብረው ይላኩ፣ ከድርጅቱ የሚመጣውን ደረሰኝም ፎቶ አንሥተው ጠቅላላውን ድምር ጠቅሰው ለሰጡት ሁሉ ያሳውቁ። መልእክት የሚቀበሉበት ሞባይል ለሌላቸው እናት ደግሞ ደውለው በቃል ይንገሯቸው።