አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ፦ የስልክና የኢንተርኔት አጭበርባሪዎችን ለይታችሁ እወቁ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ ለገባ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጥበቃ ጊዜ ናቸው። ሶሻሉ (የሶሻል ሴኩሪቲ መለያ ቁጥራችሁ ያለበት ካርድ) በፖስታ ይመጣል፣ ግሪን ካርዱም በፖስታ ይመጣል፤ ሥራና ቤት ገና ይፈለጋል። አጭበርባሪም የሚመጣው ያንኑ የምንጠብቀውን ነገር ስም ይዞ ነው።

መጀመሪያ ስልኩ። ደዋዩ ከሶሻል ሴኩሪቲ ነኝ ይላል፤ ስልካችሁም ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም ወይም በ202 የሚጀምር የዋሽንግተን ቁጥር ይታያል። ይህን አስመስሎ ማሳየት ለነሱ ቀላል ስለሆነ አትመኑት። «በሶሻልህ ወንጀል ተሠርቶበታል፤ ዛሬውኑ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል፤ ለማንም እንዳትናገር» ይላል። የመንግሥት ሰው ሲቆጣ መደንገጥ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነገር ነውና ብዙዎች ይታዘዛሉ። ከዚያ ጊፍት ካርድ (ከሱቅ የሚገዛ፣ ገንዘብ የተሞላበት የስጦታ ካርድ) ገዝታችሁ፣ ጀርባውን ፍቃችሁ ቁጥሩን እንድታነቡለት ያዛችኋል። ሶሻል ሴኩሪቲም ሆነ የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ በጊፍት ካርድ ወይም በቢትኮይን ክፍያ አይጠይቁም። ስልኩን ዝጉት፤ ጆሮው ላይ ስልክ ስለዘጋችሁበት የሚያስራችሁ የለም።

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራላችሁ ግን ቼክ ነው። አገር ቤት ባንኩ ሒሳቡን አይቶ በቂ ስንቅ ከሌለው ቼኩን እዚያው ይመልሰዋል፤ ደረቅ ቼክ የጻፈም ይከሰሳል። እዚህ ግን ቼኩ እውነተኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ ባንኩ ገንዘቡን ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሒሳባችሁ ላይ ያስገባዋል። አጭበርባሪው የሚጠቀምባት ያቺን ክፍተት ነው። ለምሳሌ ከቤት የሚሠራ ሥራ አገኛችሁ እንበል፤ ቃለ መጠይቁ በቴሌግራም ጽሑፍ ብቻ ነው። «አሠሪው» የ2,400 ዶላር ቼክ ይልክና «400ውን ለራስህ ያዝ፤ 2,000ውን ለላፕቶፕ ሻጩ በዜል ላክ» ይላል፤ ዜል ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚላክበት አገልግሎት ነው። ሒሳባችሁን ስታዩ 2,400 ዶላር ገብቷል፤ ደስ ብሏችሁ ትልካላችሁ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ባንኩ 2,400ውን መልሶ ይወስዳል፤ የላካችሁት 2,000 ግን ከራሳችሁ ኪስ የወጣ ነው። ቼኩን ያስገባችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ዕዳው እናንተ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቼክ ልኮ ከውስጡ ቀንሳችሁ ወደ ሌላ ሰው እንድትልኩ የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን፣ ሌባ ነው።

የቤት ኪራይም እንዲሁ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአካባቢው ዋጋ በጣም የረከሰ አፓርታማ፣ «ውጭ አገር ነኝ፤ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ባለቤት ካጋጠማችሁ እለፉት። ማስታወቂያው በአማርኛ መጻፉም ዋስትና አይሆንም። ቤቱን ገብታችሁ ሳታዩ ዲፖዚት (የቤት ማስያዣ ገንዘብ) አትክፈሉ።

የምታውቁት ሰው በቴሌግራም «በስህተት ወደ አንቺ የመጣ ኮድ አለ፤ ላኪልኝ» ቢል ኮዱን አትስጡ። የእሱ አካውንት ተጠልፏል፤ ኮዱ የእናንተው ነው። ከሰጣችሁት በእናንተ ስም እናታችሁን ገንዘብ ይጠይቃሉ። ዘመድ ተቸግሬአለሁ ብሎ ሲጽፍም ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

ከተታለላችሁ ዛሬውኑ፣ በካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ለባንካችሁ ደውሉ። ጊፍት ካርድ ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ሳትጥሉ የካርዱን ድርጅት አነጋግሩ። ሶሻል ቁጥራችሁን ከሰጣችሁ የሰውን የብድር ታሪክ በሚይዙት ድርጅቶች፣ ኢኪውፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ዘንድ፣ ሌላ ሰው በስማችሁ እንዳይበደር ክሬዲታችሁን አስቆልፉ፤ ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1-877-382-4357 አመልክቱ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። በሐፍረት አትደብቁት፤ ዝም ያላችሁበት ቀን ሁሉ ገንዘቡን ያርቀዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ «የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ፤ በቅድሚያ ትንሽ ክፈል» የሚል ሰው ሊደውል ይችላል። እሱም ከነሱ አንዱ ነው።