ጀበናው ሳይታይ ይሰማ፦ በተማሪ ፊልም ድምፅና ምስልን ማዋሃድ

አብዛኛው የተማሪ ፊልም የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው። ምስሉ ይቀረጻል፣ ይቆራረጣል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ይለበጥበታል። ዘፈኑ የቦታውን ድምፅ ስለሚሸፍነው ጥፋቱም አይታወቅም። እዚህ የምናሳየው ሌላውን መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ድምፁን ቆርጦ መጨረስ፣ ምስሉን ከዚያ በኋላ መደርደር። ለማሳያ የያዝነው ሁለት ስልክ ይዞ የሚሠራ የ3 ደቂቃ ፊልም ነው፤ አንዲት እናት ቡና ሲያፈሉ። ቡናን የመረጥነው ድምፁ ብዙ ስለሆነ ነው፦ ፍሬው ሲታጠብ፣ ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ፣ ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ፣ ጀበናው ሲንተከተክ፣ ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ።

ወረቀቱ

አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ የሚታየውን፣ በቀኝ የሚሰማውን ጻፉ። ለ3 ደቂቃ ከ12 እስከ 15 መስመር ይበቃል። ከዚያ ግራና ቀኙ አንድ ነገር የሚናገሩበትን መስመር ፈልጉና አንዱን ሰርዙ። ቡናው ሲቆላ እየታየ ተራኪው «ቡናው እየተቆላ ነው» ካለ አንዱ ትርፍ ነው። እጃቸው ቡናውን ሲቆላ እየታየ፣ ቡና አቆላል ያስተማሯቸውን አያታቸውን ሲያወሱ ብናሰማ ግን ዓይንም ጆሮም የየራሱን ሥራ ያገኛል።

ፊልሙን ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ አንዳንድ ደቂቃ ሰጥቶ መክፈል ያጓጓል። አታድርጉት። በረካ ላይ ሲደረስ ተመልካቹ ያንኑ የመቅዳት ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ጠግቧል። ለአቦል 2 ደቂቃ ስጡና ሌሎቹን አሳጥሩ።

ቀረጻ

አንዱ ስልክ ምስል፣ ሌላው ድምፅ ይይዛል። ሁለቱም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ። የድምፁ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) 48,000 ሄርትዝ ይሁን፤ መተግበሪያው ከፈቀደ በዌቭ፣ ማለትም ባልተጨመቀ ፋይል ይቀረጽ። ምስሉ በሰከንድ 25 ፍሬም ይሁን። የአገራችን መብራት 50 ሄርትዝ ስለሆነ፣ ካሜራው በእጅ የሚስተካከል ከሆነ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት፤ አለዚያ አንዳንድ አምፖል ሥር ምስሉ ይብለጨለጫል ወይም ጥቁር መስመር ይመላለስበታል።

ለድምፅ ጥራት ከማይኩ ዋጋ ይልቅ ርቀቱ ይወስናል። በድምፁ ስልክ ላይ የሚሰካውን ትንሽ የልብስ ማይክ ከእናትየው አፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጉት። የለበሱት ነጠላ ማይኩን ሲነካው የሚሰማው ኮሽታ በኋላ ስለማይወጣ ማይኩን ልብሱ ላይ በፕላስተር አጣብቁ፣ ነጠላውንም ወደ ሌላው ትከሻ እንዲያዞሩት ጠይቁ። ሲናገሩ ከፍተኛው ልኬት −12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ በመተግበሪያው መለኪያ ላይ ጣሪያው 0 ነው። 0 ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ እንደነበረ አይመለስም፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀረጸውን ግን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ድምፁን መልሶ ያስተጋባል። ከካሜራው ጀርባ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ፍሪጁን ንቀሉ፤ የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ ብታስቀምጡ መልሳችሁ ሳትሰኩት አትወጡም። ክረምት ከሆነ ሰማዩ ሳይጠቁር ቃለ መጠይቁን ጨርሱ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከወረደ በኋላ የሚያድን ማጣሪያ የለም።

ሁለቱም ስልኮች መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ አንድ ሰው ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ አንዱንም አታቋርጡ፤ ካቋረጣችሁ እንደገና አጨብጭቡ። በመጨረሻ ማንም ሳይንቀሳቀስ 60 ሰከንድ የክፍሉን ዝምታ ቅረጹ። ንግግር ቆርጣችሁ ስትቀጥሉ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው፤ በባዶ ከተዉት ጆሮ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ያህል ይደናገጣል።

የሥራውን ድምፅ ለብቻው፣ ወሬ ሳይኖር፣ እያንዳንዱን 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ቅረጹ። ለምጣዱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለሚቀዳው ጀበና 20 ሳንቲ ሜትር ቅረቡ። ከሙቀጫው ግን 1 ሜትር ራቁ፤ ምቱ ድንገተኛ ስለሆነ ሲቀርቡት ይሰነጠቃል። ስልኩን ወለል ላይ ብታስቀምጡት ንዝረቱ ስለሚደርሰው የተጣጠፈ ጋቢ ላይ ይሁን።

ቅንብር

በካፕከትም በዳቪንቺ ሪዞልቭም (ሁለቱም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ናቸው) መንገዱ አንድ ነው። ሁለቱን ፋይሎች ታይምላይኑ ላይ አስቀምጡና በድምፁ ሞገድ ላይ የጭብጨባውን ሹል ጫፍ ፈልጉ፤ ጫፍ ከጫፍ አጋጥሙ፣ ከዚያ የምስሉን ስልክ ድምፅ ዝጉ። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ወደ መጨረሻው ከንፈርና ቃል ከተለያዩ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ብዙ ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸው ስለሚዋዥቅ ነው። ቪዲዮውን ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም የማይዋዥቅ 25 ፍሬም አድርጋችሁ ቀይሩና እንደገና አስገቡ።

ይህን በብሉቱዝ ኢርፎን አትሥሩ። ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ልክ የሆነውን «ታስተካክላላችሁ»፣ በገመድ ሲሰማ ግን ተበላሽቶ ይገኛል። በ25 ፍሬም አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ እንደሚለው ሰው መዛነፉን የሚያስተውለው ድምፁ ወደ 45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ወይም ወደ 125 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ ነው። ሲጠራጠሩ ማዘግየት ይሻላል፤ በተፈጥሮም የሩቅ መጥረቢያ መጀመሪያ ይታያል፣ ቀጥሎ ይሰማል።

አሁን ምስሉን ሸፍኑና ንግግሩን ብቻ ቁረጡ። ከ20 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ 90 ሰከንድ አስቀሩ፤ የቀረው ግማሽ ፊልም ያለ ንግግር ይሁን። ዓይን ጨፍናችሁ ስትሰሙት ነገሩ ከገባችሁ ምስል መደርደር ጀምሩ። መቆራረጫው ላይ ድምፁን ቀስ አድርጎ የሚያወጣና የሚያስገባ የ2 ፍሬም ማደብዘዣ ካላደረጋችሁ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ድምፅና ምስል በአንድ ቦታ አብረው መቆረጥ የለባቸውም፤ ተማሪ ፊልምን ደረቅ የሚያደርገው አንዱ ነገር ይህ ነው። እናትየው ገና ሲያወሩ እየታየ የሙቀጫው «ዱቅ» ከ12 እስከ 25 ፍሬም ቀድሞ ይግባ፣ ምስሉ ይከተል። ተመልካቹ ሳያውቀው ጆሮው ወደ ሚቀጥለው ቦታ ወስዶታል። በተቃራኒውም የንግግራቸው የመጨረሻ ቃል በሚፈላው ጀበና ላይ ይለቅ።

ንግግሩ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል፣ የክፍሉ ድምፅ −30 አካባቢ ይሁን። ከ80 ሄርትዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ከንግግሩ ላይ ቁረጡ፤ እዚያ ያለው በአመዛኙ የመኪናና የንፋስ ጉርምርምታ ነው። ሙዚቃ ካስገባችሁ ከንግግሩ ቢያንስ 15 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፣ ምስሉንም በየምቱ አትቁረጡ፤ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። በእኛ ግምት ይህ ፊልም ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ ምት ከተፈለገ ሙቀጫው አለ። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ ማስገባት ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል፣ ዩቲዩብም ለይቶ ይይዘዋል። ክራር የሚጫወት የክፍል ጓደኛ ካለ 40 ሰከንድ እንዲጫወትላችሁ ለምኑት።

ያለቀውን በኢርፎን፣ በስልክ ድምፅ ማጉያና በሚታይበት አዳራሽ ስሙት። የስልክ ማጉያ ወፍራም ድምፅ ስለማያወጣ የሙቀጫው ጉልበት እዚያ ይጠፋል፤ ከ1,000 እስከ 3,000 ሄርትዝ ያለውን ትንሽ ብታነሡት ይመለሳል። በቴሌግራም ስትልኩ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ አለዚያ ይጨመቃል። የላካችሁትን መልሳችሁ አውርዱና የመጨረሻዋ ሲኒ እስክትቀመጥ ድረስ ስሙት።