ቁጥሩ ይታያል፣ ቫሪያብሉ ግን ባዶ ነው

የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያወጣውን የዊንዶውስ ትዕዛዝ፣ ደብሊውኤምአይሲን (WMIC፤ ለአፍ እንዲቀል ዊሚክ እንበለው)፣ ትዕዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ስትጠይቁት የኮምፒውተሩን ሴሪያል ቁጥር ጥርት አድርጎ ይሰጣል። ያንኑ ትዕዛዝ ባች ፋይል (ትዕዛዞች በተራ የሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ከታችሁ ውጤቱን ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ ስም) ላይ ስትይዙት ግን ባዶ። የስህተት መልእክት እንኳ የለም። እኔን ግማሽ ቀን በልቶኛል።

መጀመሪያ ቀላሉን እንይ። ውጤቱን መስመር በመስመር የሚያነበው የፎር (for) ትዕዛዝ ፊደል መስኮቱ ላይ አንድ ፐርሰንት (%) ይበቃዋል፤ ፋይል ውስጥ ግን ሁለት (%%) ይፈልጋል። ችግሩ ይሄ ቢሆን ግን ስክሪፕቱ (ባች ፋይሉ) አማርሮ ይቆም ነበር እንጂ ዝም አይልም።

ዝም ያለው ባዶ ምክንያቱ ሌላ ነው። ዊሚክ የሚጽፈው በዩቲኤፍ-16 (አንድ የፊደላት ኮድ አጻጻፍ) ነው። ፎር ሲቀበለው በየመስመሩ ጫፍ አንድ የማይታይ ትርፍ ምልክት ይቀራል፤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚመልስ ምልክት ሲሆን ካሬጅ ሪተርን ይባላል። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡት ባዶ መስመሮችም ይህን ምልክት ስለያዙ ፎር አይዘላቸውም። ቁጥሩን ይይዛል፣ ከዚያ ባዶ በሚመስለው መስመር ራሱ ይደመስሰዋል።

በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፎሩ ውስጥ የያዘውን በ[ ] መሃል አድርጋችሁ በኤኮ አሳዩት። መዝጊያው ቅንፍ ከመጨረሻው ጠፍቶ የመክፈቻው ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

መፍትሄው ፎር ውስጥ ሌላ ፎር ነው። የውጪው ከዊሚክ የተቀበለውን መስመር የውስጡ በድርብ ጥቅስ ውስጥ እንደገና ያነበዋል። በዚህ ጊዜ ትርፉ ምልክት ይራገፋል፤ ባዶዎቹም የእውነት ባዶ ሆነው ይዘለላሉ። ቫሪያብሉን የምትሞሉት በውስጠኛው ነው። ሁለት ሦስት መረጃ በኮማ ለይታችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ ከኮማው በፊት ^ አትርሱ።

የራምን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) መጠን በዚሁ መንገድ ጠይቃችሁ ስሌቱ እምቢ ካለ፣ መጠኑ የሚመጣው በባይት ስለሆነ ነው። የባች ስሌት ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ 8 ጊጋባይት ብቻውን 8,589,934,592 ነው። ለግምት የመጨረሻዎቹን 6 አሃዞች ቆርጦ መጣል ይበቃል።

ትዕዛዙ ጭራሽ አይታወቅም ከተባላችሁ አትገረሙ። ማይክሮሶፍት ዊሚክን እያስወጣው ነው። አዲስ ስክሪፕት ከሆነ በፓወርሼል (አዲሱ የዊንዶውስ ትዕዛዝ መስጫ) ጌት-ሲምኢንስታንስ (Get-CimInstance) በሚባለው ትዕዛዝ ብትጀምሩት ይሻላል፤ ያ የመስመር ጫፍ ጣጣም አይከተላችሁም።

በቁጥሩ ፋንታ «በአምራቹ ይሞላል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከመጣ ግን ስክሪፕታችሁን አትንኩት። ማሽኑን የገጣጠመው አካል ቦታውን ሳይሞላው ቀርቷል።