የታሪክና የጂኦግራፊ ድርሰት ለምን ነጥብ ያጣል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ምዕራፉን ያላነበበ፣ ጥያቄውን በግማሽ ዓይን አይቶ የተሻገረ ተማሪ እዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። የምጽፈው አንብቦና ደብተሩን ሞልቶ፣ ሲታረምለት ግን ከግማሽ በታች ለሚያገኘው ነው። ደሴ ውስጥ ሳስጠና እጄ የሚገቡት ወረቀቶች አብዛኞቹ በሽታቸው አንድ ነው፤ እርሱን አስፋፍቼ ሌላውን በአጭሩ አልፋለሁ።

ምልክት፦ ዓመቶቹ ሁሉ ትክክል ናቸው፣ ታሪኩ ግን ተገልብጧል

ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ይከራከራል፤ «የትኛው ዓመት ነው የተሳሳተው?» ይላል። እውነቱን ነው፣ አንዱም አልተሳሳተም። የውጫሌ ውል 1881 ብሏል፣ ልክ ነው። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው 1885 ብሏል፣ ልክ ነው። የዶጋሊን ጦርነትም 1887 ብሏል፣ ልክ ነው። ከዚያ ሦስቱን በቁጥራቸው ይደረድርና «ጣሊያን የውጫሌን ውል ተገን አድርጋ ምጽዋን ያዘች፤ ራስ አሉላም በዶጋሊ መልሱን ሰጧት» ብሎ ይደመድማል።

ውጫሌ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር፣ ምጽዋና ዶጋሊ በፈረንጆች ነው። ከፊሉ በክንድ ከፊሉ በሜትር እንደተለካ ግድግዳ ማለት ነው። በአንድ መለኪያ ሲታዩ ምጽዋ 1877፣ ዶጋሊ 1879፣ ውጫሌ 1881 ነው። ውሉ የተፈረመው ጣሊያን ምጽዋ ከገባች ከአራት ዓመት በኋላ፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ደግሞ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። መንስኤና ውጤት ቦታ ተለዋውጠዋል። መምህሩ ዓመቱን ብቻ በቀይ ቢያርም ተማሪው ቁጥሩን ያስተካክልና የተገለበጠውን ምክንያት እንዳለ ይተወዋል። ይህ ከስህተቱ የባሰ ነው።

የሚያስቀውም አለ። አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ «ንጉሥ ሚካኤል በ1914 ነገሡ፣ በ1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ» ብሎ ጻፈ። ከመንገሣቸው አምስት ዓመት በፊት ንጉሥ ሆነው እንዴት ተዋጉ ብዬ ብጠይቀው፣ ሳያመነታ «ያኔ ራስ ነበሩ» አለኝ። ንጉሡ ራሳቸው ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ያለበት ከተማ ልጅ ነው! ንግሡ 1906፣ ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፤ በፈረንጆች 1914 እና 1916። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የተሳሳተ ቅደም ተከተል ሲገጥመው የሚያስታርቅ ምክንያት መፍጠሩ ነው ችግሩ፤ ብልህ ተማሪ ደግሞ ይህን ይበልጥ ይችልበታል።

ከኮምቦልቻ የምትመላለስ ሌላ ተማሪ ማይጨውን 1928፣ ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን 1933 አድርጋ፣ ሂትለር በሙሶሊኒ የኢትዮጵያ ወረራ ተበረታትቶ መንግሥት እንደያዘ የሚያብራራ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋለች። እንግሊዝኛው ያማረ ነበር። የማይጨው ጦርነት በፈረንጆች 1936 ስለሆነ፣ ሂትለር ያኔ ሦስት ዓመት ገዝቷል።

ምክንያት

በቤት፣ በሬዲዮና በበዓል ቀን የሚሰማው ታሪክ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእጅ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በፈረንጆች ይቆጥራል። ተማሪው ማስታወሻ ሲይዝ ሁለቱንም ያለ ምልክት አንድ ገጽ ላይ ያሰፍራል፤ ከሁለት ወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሱም አይለየውም።

በዚህ ላይ ፎቶ ኮፒ አለ። ከትምህርት ቤት ደጅ የሚሸጠው «የተጠቃለለ ማስታወሻ» ከቅጂ ቅጂ እየተባዛ 8 እና 3፣ 6 እና 0 መልካቸው አንድ ሆኗል። ቀለሙ በጨረሰ ማሽን ያባዛ ሰው ገንዘብ መቀበሉ ይገርመኛል። በቴሌግራም የሚዘዋወረውም ከዚህ አይሻልም፤ «ዓ.ም.» የሚለውን ሳይነካ ዓመቱን ብቻ ከፈረንጅ መጽሐፍ የገለበጠ ፋይል አይቻለሁ። ከእንዲህ ያለ ወረቀት ቀን አትውሰዱ። መጽሐፉ እያለ በጭራሽ አትውሰዱ።

መፍትሄ

ከደብተሩ ኋላ አንድ ገጽ በማስመሪያ ለአራት ይከፈል፦ ድርጊት፣ ወር፣ ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ.። ወሩ እንዳይዘለል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ እስኪገባ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው ኅዳር 1928 የሆነውን የደሴን የአውሮፕላን ድብደባ 1936 ላይ ይጥለዋል። ያ ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ደሴ ሊገኙ ነው፤ በድብደባው ዕለት ግን እዚሁ ነበሩ። ትክክሉ 1935 ነው። በመጋቢት የተካሄደው ማይጨው፣ በእኛ ያው 1928፣ በፈረንጆች 1936 ይሆናል።

መጽሐፉ ወር ካልሰጠ 8 ቀንሳችሁ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። በእስክሪብቶ አትጻፉት።

ከዚያ ማረጋገጫው። በሁለት ድርጊቶች መካከል ያለው ርቀት በሁለቱም ዓምድ መቀራረብ አለበት። ከውጫሌ እስከ አድዋ በእኛ ከ1881 እስከ 1888 ሰባት ዓመት፣ በፈረንጆች ከ1889 እስከ 1896 ሰባት ዓመት። አስራ አምስት ከመጣ አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ አንስታችኋል። የአንድ ዓመት ልዩነት ከወሩ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ስህተት ነው።

ለድርሰቱ አንድ አቆጣጠር ተመርጦ መጀመሪያው ዓመት ላይ ይገለጽ፣ እስከ መጨረሻው አይቀየር። «በ1960ዎቹ» ስትሉም ተጠንቀቁ፦ አብዮቱ በእኛ 1966፣ በፈረንጆች 1974 ነው። 1888ን «18ኛው ክፍለ ዘመን» ማለትም ይቅር፤ 19ኛው ነው።

ምልክት፦ መግቢያው ገጹን ጨርሷል

ምክንያቱ የተሸመደደ መግቢያ ነው። ከጥያቄው ጋር የማይገናኘውን ሰርዙ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱን ተናግራችሁ ግቡ።

ምልክት፦ የ1966ቱ የወሎ ረሃብ በ«ድርቅ» ብቻ ተብራርቷል

ዝናብ መቅረቱ የመከር መጥፋትን ያስረዳል። ሰው ለምን እንዳለቀ ለማስረዳት ግን የገባሩን የመሬት ይዞታና መንግሥት ረሃቡን መደበቁን መጨመር ግድ ነው።

ምልክት፦ «ኮምቦልቻ ለአፋር ስለምትቀርብ ትሞቃለች»

ቅርበት ምክንያት አይሆንም፤ ከፍታውን አስሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ በ650 ሜትር ልዩነት 4 ዲግሪ ያህል ይመጣል። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን የሚያወልቅ ተማሪ ፈተና ላይ ይህን መርሳቱ ያናድዳል። የቦርከናን ወንዝ ወደ አባይ የሚያፈሱም አሉ፤ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው።

ምልክት፦ በካርታ ላይ የተለካው ርቀት ከመልሱ ጋር አይገጥምም

አልፎ አልፎ ምክንያቱ የሐረጎን ጠመዝማዛ በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ መለካት ነው፤ ክር መንገዱን ተከትሎ ይዘርጋና ክሩ ይለካ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የፎቶ ኮፒው ነው። በ1፡50,000 ስኬል 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ይሆናል፣ ካርታው ሲባዛ ካልጠበበ ወይም ካልሰፋ። ወረቀት ለመቆጠብ ሁለት ገጽ አንድ ላይ አጥብቦ ያባዛ ሰው ከታች የተጻፈውን ቁጥር ውሸት አድርጎታል። ከካርታው ግርጌ በመስመር የተሳለው ስኬል ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚጠብብ በእርሱ ለኩ። እርሱም በማባዛት ከተቆረጠ ያ ወረቀት ለርቀት ጥያቄ አያገለግልም።