መጀመሪያ በገመድ፣ ከዚያ በሪሞት፦ ከተጣለ መጫወቻ መኪና ሮቦት መሥራት

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል የእህቴ ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ በሪሞት የሚሄድ ሮቦት እንሥራ» አለችኝ። 11 ዓመቷ ነው። እኔ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጥያቄዋ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች እየመጡ ሲጠይቁኝ ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ በገመድ አስኪዱት፣ ሪሞቱ ይደርሳል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ካገጣጠማችሁትና አልሄድ ካለ፣ ጥፋቱ የሞተሩ ይሁን የባትሪው ወይም የሪሞቱ በምን ታውቃላችሁ?

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሪሞቷ ያልጠፋ፣ አካሏ የተሰባበረ መጫወቻ መኪና ፈልጉ። እኛ ያገኘነው ከቆራሌው ነው። ቆራሌው ሲጠራ ሁሉም ሰው የሚወጣው ለመሸጥ ነው፤ እናንተ ግን በጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁት። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ብትሄዱም አታጡም። ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሪሞቱና መኪናው የአንድ ይሁኑ። ብዙዎቹ ላይ 27 ወይም 40 ሜጋኸርዝ የሚል ተጽፏል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ አይግባቡም። ሁለተኛ፣ ሪሞቱ ፊት፣ ኋላ፣ ግራና ቀኝ የሚሉ አራት ትእዛዞች ይኑሩት። ፊት ሄዳ ወደ ኋላ ስትመለስ ብቻ የምትታጠፈው ርካሽ መኪና ለዚህ ሥራ አትሆንም።

ሌላው ሁለት ሞተር ነው። ጥርስ በውስጡ ያለው፣ ከ3 እስከ 6 ቮልት የሚሠራው ቢጫ ሞተር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይሸጣል፤ ጎማውም አብሮ ይመጣል። ከመጫወቻ የወጣ ባዶ ዳይናሞ በቀጥታ ጎማ ላይ አትሰኩ። በጣም ይፈጥናል እንጂ ጉልበት የለውም። ለአካሉ 15 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ሁለቱን ሞተሮች ከኋላ ግራና ቀኝ እሰሩ። ለፊት ሦስተኛ ጎማ አትፈልጉ። ያለቀ ዲኦዶራንት ኳስ ከነአንገቱ ቁረጡና ገልብጣችሁ ለጥፉት፤ በሁሉም አቅጣጫ ይንከባለላል።

አሁን ገመዱ። ስድስት እግር ያለው፣ መሃል ላይ ሲሆን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ግዙ፤ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ። እግሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች መሃለኛው ረድፍ ላይ እሰሩ። የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ላይኛው ረድፍ ላይ። ከዚያ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው ሁለት አጫጭር ሽቦዎች አጣምሩ፦ የላይ ግራውን ከታች ቀኙ፣ የላይ ቀኙን ከታች ግራው። ማብሪያውን ወደ አንድ ጎን ስትገፉት ሞተሩ ወደ ፊት፣ ወደ ሌላው ስትገፉት ወደ ኋላ ይዞራል። በመጫወቻዋ ቦርድ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች፣ ሦስት እግር ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች፣ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው፤ እኛ በእጃችን የምንገለብጠውን እነሱ በኤሌክትሪክ ይገለብጡታል። ልጅቷ ይህ የገባት ዕለት ቀሪው ሁሉ ቀለላት። ስለዚህ ይህችን ደረጃ አትዝለሏት።

ሁለቱም ጎማ ወደ ፊት ሲሆን ሮቦቱ ይሄዳል። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ሲሆን ባለበት ይሽከረከራል። አንድ ቀን ሙሉ በገመድ አስኪዱት። ጎማው ከላላ፣ ሽቦው ከተነቀለ አሁን ይታያችኋል።

ከዚያ መኪናዋን በካቻቢቴ ፍቱና ቦርዷን አውጡ። ሁለት ሽቦ ወደ ኋላው ሞተር ይሄዳል፤ ሁለት ሽቦ ደግሞ ወደ ፊት፣ ጎማውን ወደሚያጥፈው። የባትሪዎቹን ብዛት ቁጠሩ። 4 ድንጋይ የሚይዝ ከሆነ 6 ቮልት ነው፤ ከዚያ አታስበልጡ። ሽቦዎቹን ከመቀጠላችሁ በፊት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) በሁለቱ ሽቦ ጫፎች ላይ ያዙና ሪሞቱን እየተጫናችሁ ለኩ፦ አንዱን ስትጫኑ ፖዘቲቭ፣ ተቃራኒውን ስትጫኑ ኔጋቲቭ ማንበብ አለበት። ካነበበ ቦርዱ ደህና ነው። የገመዱን ማብሪያዎች ከሞተሮቹ ፍቱና፣ ከቦርዱ ወደ ኋላው ሞተር ይሄዱ የነበሩትን ሽቦዎች ለግራው ጎማ ሞተር፣ የመታጠፊያ ሽቦዎቹን ለቀኙ ጎማ ሞተር ስጡ። ሪሞቱ ላይ ወደ ፊት የነበረው አሁን ግራ ጎማን፣ ወደ ቀኝ የነበረው ቀኝ ጎማን ያዝዛል። እጅ እስኪለምደው በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። በመታጠፊያው በኩል ያሉት ትራንዚስተሮች ብዙ ጊዜ አነስ ያሉ ናቸውና በጣት ንኳቸው። ጣት የማያስችል ከሆነ አቁሙ፤ ጎማው የሆነ ቦታ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

እኛ እዚህ ላይ ሁለት ቀን ተቸገርን። ሮቦቱ ሲቆም ሪሞቱን ከሩቅ ይሰማል፤ መሄድ ሲጀምር ግን ከአንድ ሜትር በላይ አይሰማም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል። ሪሞቱን ፈታሁ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ አንቴናውን ነካካሁ። ምክንያቱ ሞተሩ ነበር። ሞተሩ ሲሽከረከር፣ ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው ክፍል የሚያቀብሉት ብሩሾች እሳት ይረጫሉ፤ ያ እሳት የሬዲዮ ሞገድ ይፈጥራል። ሬዲዮ ስትሰሙ ሞተር ብስክሌት በደጅ ሲያልፍ የሚንጣጣው ድምፅ ታውቁታላችሁ? ያው ነው። ቦርዱ ከሪሞቱ ይልቅ አጠገቡ ያለውን ጩኸት ይሰማል።

መድኃኒቱ 104 የሚል የተጻፈበት ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር ነው፤ ያንን ጩኸት ያፍናል፤ 0.1 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ለአንድ ሞተር ሦስት ያስፈልጋል። አንዱን በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ሁለቱን ከየእግሩ ወደ ሞተሩ ብረት አካል በሶልደር (ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዝ ብረት) አያይዙ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ካልፈተጋችሁት ሶልደሩ አይዝም። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ጠምዝዟቸው። አንቴናውን አትቁረጡ፣ አትጠቅልሉ፤ በስቴኪኒ ወይም በመጠጫ ስትሮ አቁማችሁ ከሞተሮቹ አርቁት። እኛ ይህን ካደረግን በኋላ ልጅቷ ከግቢው በር ሆና ማዘዝ ቻለች።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር በጥብቅ እላለሁ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጣውን ሊትየም ባትሪ ብዙ ልጆች ይወዱታል። አንዱ ፍሬ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ሁለት ጫፎቹ ቢነካኩ ግን በቅጽበት ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። አዋቂ ሳይኖር አትንኩት። ለመጀመሪያው ሮቦት ተራ ባትሪ ድንጋይ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ሮቦቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የሁለቱን ሞተሮች ሽቦ ቦርዱ ላይ አቀያይሩ። ማዘንበሉ ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የቦርዱ ነው፤ ካልቀየረ የሞተሩ። የእኛ የቦርዱ ነበር፤ የግራው ጎማ ብርቱ ነበር። በግራው ሞተር አንድ ሽቦ ላይ ሁለት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ጎን ለጎን፣ አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ አዙረን አስገባን። በሁለቱም አቅጣጫ 0.7 ቮልት ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት ግድግዳ ሳይነካ ሄደ።